ከካንሰር ሕክምና ጎን ማር፣ ዝንጅብል፣ ዳማከሴ፦ ማስረጃው ምን ይላል?

ከኢሉባቦር፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከቤንች ሸኮ፣ አንዳንዴም ከጋምቤላ ተነሥቶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚደርስ የካንሰር ታካሚ ብዙ ጊዜ ያልረገጠው ደጃፍ የለም። ባህል ሐኪም ጋ ሄዷል፣ ጸበል ተጠምቋል ወይም ቁርኣን ተቀርቶለታል፣ ከሕርማታ መርካቶ ዱቄት ተገዝቶለታል። ኬሞ ከጀመረ በኋላም ቢሆን አስታማሚው በፔርሙዝ ይዞ የሚመጣው ሁሉ ሻይ አይደለም። ነውር የለበትም። በአውሮፓም በአሜሪካም ብዙ የካንሰር ታካሚዎች ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ አንድ ነገር ይወስዳሉ፤ ብዙዎቹም ለሐኪማቸው አይናገሩም።

«የባህል መድኃኒት ይጠቅማል ወይ?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ የትም አያደርስም። ዝንጅብልና የቁልቋል ወተት፣ ማርና ዋግምት በአንድ ስም ከተጠሩ መልስ የላቸውም። የሚያዋጣው «ለምን ተብሎ ነው የሚወሰደው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዕጢውን ለማጥፋት ነው ወይስ ማቅለሽለሹን፣ ድካሙን፣ ፍርሃቱን ለማቅለል? ለሁለተኛው ደህና ማስረጃ ያላቸው ነገሮች አሉ፤ ጥቂቶቹም ጅማ ውስጥ በየቤቱ ይገኛሉ። ለመጀመሪያው ግን በቀዶ ጥገና፣ በኬሞ፣ በጨረር ወይም በሆርሞን ሕክምና ቦታ ገብቶ ካንሰር እንደሚያድን በሰው ላይ የተረጋገጠ ቅጠል፣ ሥር ወይም ቅባት እስከ ዛሬ የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መተካት ሌላ፣ መደገፍ ሌላ

በ2018 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ውስጥ መደበኛውን ሕክምና ትተው ሌላ አማራጭ ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን ለይተው አወጡ። ሁሉም የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባ ወይም የትልቁ አንጀት ካንሰር የያዛቸው፣ በሽታው ግን ወደ ሩቅ አካል ያልተሠራጨባቸው ነበሩ። በዕድሜ፣ በደረጃና በመሳሰለው ከሚመስሏቸውና መደበኛ ሕክምና ከወሰዱ 560 ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከመጀመሪያዎቹ 54.7 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 78.3 በመቶ ናቸው። የመሞት አደጋው በጠቅላላው 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በጡት ካንሰር ብቻ ሲታይ ደግሞ ወደ 5.7 እጥፍ ይደርሳል። በፕሮስቴት ካንሰር ግልጽ ልዩነት አልታየም፤ ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ በዝግታ ስለሚያድግ በአምስት ዓመት ውስጥ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ሌላ ጥያቄ አነሡ፦ ሁለቱን አንድ ላይ የወሰዱትስ? እነዚህም የመሞት አደጋቸው ወደ ሁለት እጥፍ ተጠግቶ ተገኘ። ምክንያቱ ሲፈለግ ግን ቅጠሉ ራሱ አልነበረም። ተጨማሪ ነገር ከሚወስዱት 34 በመቶ ያህሉ ኬሞን፣ 53 በመቶ ያህሉ ደግሞ ጨረርን እንቢ ብለዋል፤ በሌሎቹ ዘንድ እንቢ ያሉት ከመቶ ሁለትና ሦስት ሰው አካባቢ ብቻ ናቸው። ይህ እንቢታ ከሒሳቡ ሲወጣ ልዩነቱም አብሮ ጠፋ።

ጅማ ላይ ይህን እንቢታ ብዙ ጊዜ የምናየው በሌላ መልክ ነው። ማንም «ሕክምና አልፈልግም» አይልም፤ «መጀመሪያ ይህችን እንሞክር» ነው የሚባለው። በጡት ላይ የተገኘ ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ እብጠት በዱቄት ሲቀባ ስድስት ወር ካለፈው ወደ ብብት ዕጢዎች፣ ከዚያም ወደ ቆዳ ሊወጣ ይችላል። ያኔ በአንድ ቀዶ ጥገና ያልቅ የነበረው ነገር ኬሞ፣ ሰፊ ቀዶ ጥገናና ጨረር ይጠይቃል። በዕጢ ላይ የሚደረገው የቁልቋል ወተት ወይም ሌላ የሚያቃጥል ነገር ደግሞ ከላይ ያለውን ሥጋ አክስሞ ያወርደዋል። ሰው «ሥሩ ወጣ» ይላል፤ ከሥር ያለው ግን እያደገ ነው፣ የተቃጠለው ቆዳም ሲቆስል ቀዶ ሐኪሙ የሚሰፋው ጤነኛ ቆዳ ያጣል።

«እገሌ ግን ድኗል» የሚባለውም በተንኮል የሚነገር ወሬ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ይድናሉ። በአንገት ወይም በብብት የሚወጣ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ በኢንፌክሽን ያበጠ ዕጢ በራሱ ጊዜ ይጎድላል። በመርፌ ናሙና ተወስዶ ካልታየ ምን እንደነበረ አይታወቅም። ቀዶ ጥገናውን ጨርሰው ከዚያ ዱቄት የጠጡ ሰዎችም ምስጋናውን የሚሰጡት መጨረሻ ለወሰዱት ነው። ያልዳኑት ደግሞ መጥተው አይመሰክሩም።

ሳህን ላይ የሞተ ሴል

በፌስቡክ «ይህ ቅጠል ካንሰርን እንደሚገድል በጥናት ተረጋገጠ» የሚለው አብዛኛው ጽሑፍ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። የተደረገው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባደጉ ሴሎች ላይ ነው። ሳህን ላይ በረኪናም የካንሰር ሴል ይገድላል። የሚቀሩት ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፦ ሲዋጥ ከአንጀት ወደ ደም ያልፋል ወይ? ሰው ሊሸከመው በሚችል መጠን ዕጢው ዘንድ ይደርሳል? ጉበትንና መቅኔን ሳይገድል? ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ፣ ሽፈራው እስከ ዛሬ በዚህ ደረጃ ላይ ወይም ጥቂት ሰዎችን ባካተቱ ትንንሽ ሙከራዎች ላይ ናቸው።

መንገዱ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የሚያሳይ ምሳሌ ከእኛው አገር አለ። በ1960ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ከየአገሩ ተክል እየሰበሰበ ለካንሰር ያስመረምር ነበር። ከኢትዮጵያ ከሄዱት አንዱ ከአጣጥ ወገን የሆነ ተክል ነው። በ1972 ኩፕቻን የተባለ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ከውስጡ ሜይታንሲን የሚባል ንጥረ ነገር አወጡ። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚገኘው ጥቂት ሚሊግራም እንኳ አይሞላም፤ በሳህን ላይ ግን ኃይሉ እጅግ ከፍተኛ ሆነ። በሰው ሲሞከር ተስፋው ወደቀ፦ ዕጢው በቂ ምላሽ ሳይሰጥ ተቅማጡ፣ ትውከቱና የነርቭ ጉዳቱ ቀደመ። መፍትሔው ብዙ ዓመት ቆይቶ መጣ። የዚያ ንጥረ ነገር ዘመድ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ በብዛት የሚገኘውን ኸር-2 የተባለ ምልክት ብቻ ፈልጎ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ታሰረና መርዙ በቀጥታ ዕጢው ሴል ውስጥ እንዲፈታ ተደረገ። መድኃኒቱ ለተሠራጨ የጡት ካንሰር በአሜሪካ የተፈቀደው በ2013 ነው። ከተክሉ እስከ መድኃኒቱ አርባ ዓመት አለፈ። አጣጥ ቀቅሎ የሚጠጣ ሰው የሚያገኘው ያንን መድኃኒት አይደለም፤ መጠኑ የማይታወቅ፣ ኢላማ የሌለው ነገር ነው።

ቪንክሪስቲን፣ ፓክሊታክሰል፣ ኢቶፖሳይድ፣ ኢሪኖቴካን የሚባሉት ኬሞዎችም መነሻቸው ተክል ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «ቅጠል ይንቃል» ማለት ተገቢ አይደለም፤ በመርፌ የሚሰጠው ብዙው ነገር ራሱ የተለካ ቅጠል ነው።

ማቅለሽለሽ

ዝንጅብል በሚገባ ተሞክሯል። በ2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 576 ታካሚዎችን በዕጣ ከፍሎ ለከፊሎቹ በቀን 0.5፣ 1 ወይም 1.5 ግራም የዝንጅብል እንክብል፣ ለቀሩት ደግሞ ባዶ እንክብል ሰጠ። ኬሞው ከመድረሱ ሦስት ቀን ቀድመው ጀምረው ለስድስት ቀን ወሰዱ። በመጀመሪያው ቀን ያለው ማቅለሽለሽ ቀነሰ፣ ይበልጥ የረዱትም ትንንሾቹ መጠኖች፣ 0.5 እና 1 ግራም፣ ናቸው። ሌሎች ጥናቶች፣ በተለይ ሲስፕላቲን በሚባለው ከባድ ኬሞ ላይ የተደረጉት፣ ጥቅም አላገኙም። ስለዚህ ዝንጅብል ረዳት ነው። በጥናቱ የነበሩት ሁሉ መደበኛውን የትውከት መከላከያ መድኃኒት ይወስዱ እንደነበር መርሳት አይገባም።

በቤት ሲሠራ ከተፈጨ ደረቅ ዝንጅብል ሩብ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ጠዋት ይህችን፣ ማታ ይህችን በሻይ ወስዶ መተው። ማንኪያ ሙሉ ማድረግ ጨጓራን ከማቃጠል በቀር ትርፍ የለውም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሴል) የወረደ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴም አለ። የሦስት ጣት ስፋት ከእጅ አንጓ መታጠፊያ ወደ ክርን ይለኩ፤ እዚያ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ያለውን ቦታ በአውራ ጣት ለሁለትና ሦስት ደቂቃ ጠበቅ አድርጎ መጫን ነው። በአንዳንድ ጥናቶች የመጀመሪያውን ቀን ማቅለሽለሽ በመጠኑ ቀንሷል፤ በሌሎቹ አልቀነሰም። ስለማይጎዳ መሞከሩ አይከፋም። የብብት ዕጢ በቀዶ ጥገና ከወጣበት እጅ ይልቅ ሌላኛውን ይምረጡ።

የአፍ ቁስለትና ማር

ማር በሚገኝበት በጅማና በከፋ ምድር ይህ ክፍል ሰፋ ቢል አይገርምም። አንገትና ጭንቅላት ላይ ጨረር የሚወስድ ሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አፉ ይላጣል፤ ምግብ ይተዋል፣ ይከሳል፣ አንዳንዱም ጨረሩን ያቋርጣል። የተቋረጠ ጨረር ደግሞ ዕጢው እንዲያገግም ዕድል ይሰጠዋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የአፍ ቁስለት መመሪያ የሚያወጡት ባለሙያዎች ማርን ለዚህ፣ ማለትም ለአንገትና ጭንቅላት ጨረር፣ እንደ አንድ አማራጭ ይጠቅሱታል። ኬሞ ብቻ ለሚወስድ ግን ማስረጃው አይበቃም።

በ2003 በማሌዥያ የተደረገው ሙከራ አሠራር ቀላል ነው። ከጨረሩ 15 ደቂቃ በፊት 20 ሚሊ ሊትር ማር፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ፣ አፍ ውስጥ ተይዞ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስና ይዋጣል። ከጨረሩ 15 ደቂቃ በኋላ ይደገማል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላም አንዴ። ታካሚዎቹ 40 ብቻ ስለነበሩ ብቻውን ብዙ አይባልለትም፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሌሎች ሙከራዎች ናቸው ክብደት የሰጡት።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ገበያ ላይ ስኳር የተቀላቀለበት ማር ሞልቷል። ጨረር ምራቅን ስለሚያደርቅ ስኳር ጥርስ ላይ ከቆየ ጥርስ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አፍን መጉመጥመጥ የግድ ነው። የስኳር በሽተኛ ሳይነጋገር አይጀምር። ነጭ የደም ሴሉ በጣም በወረደ ጊዜም ያልተጣራ ጥሬ ማር ቢቀር ይሻላል።

መጉመጥመጫው ለሁሉም ታካሚ፣ ኬሞ ለሚወስደውም፣ ይሠራል። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ፣ በተለይ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት፤ አይዋጥም፤ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጃል። ሱቅ ላይ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጧችሁ፤ እሱ አሲድ አለበት። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያና የጠጅ መጉመጥመጥ ቁስሉን ያባብሳሉ።

ምች ወይስ ኢንፌክሽን?

ከዚህ ጽሑፍ አንዲት ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ቢኖር ይህችን ይያዝ። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ከሰባተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የሚመጣ ትኩሳት መግል፣ ቀይ እብጠት፣ ሳል ላያሳይ ይችላል፤ ምክንያቱም መግል የሚሠራው ያው የጎደለው ሴል ነው። የሚታየው ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ብቻ ነው። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ምች መታት» ይላል፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፣ ይታጠናል፣ ሰውየው ብርድ ልብስ ለብሶ ያልበዋል። ዳማከሴው መርዝ ስለሆነ አይደለም የምንሰጋው። የምንሰጋው ሌሊቱን ስለሚወስድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በደም ሥር ፀረ ባክቴሪያ ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ቴርሞሜትር ይግዙ። 38 ዲግሪ እና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም ሳያሳይም ብርድ ካንቀጠቀጠው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ «ይውረድና እንይ» ማለትም ያው ስሕተት ነው፤ ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ባክቴሪያውን አይነካም። በር ላይ መጀመሪያ የሚባለው ቃል፦ «ኬሞ ላይ ነኝ፣ የወሰድኩት በዚህ ቀን ነው፣ ትኩሳት አለኝ።» ሰሌዳው ላይ ተራ እስኪደርስ አይጠበቅም። ከወረዳ የሚመጣ ሰው መንገዱ ረጅም ከሆነ፣ በእነዚያ ቀናት ጅማ ዘመድ ቤት ቢቆይ ይመረጣል።

በዚያው ሳምንት ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ጠላ፣ ያልፈላ ውሃ የገባበት ጭማቂ ይቀራል። የጸበል ነገርም እዚህ ላይ ይመጣል። ጸሎትና ዱዓ ፍርሃትን እንደሚያቀልሉ፣ ብቸኝነትን እንደሚሰብሩ የታወቀ ነው፤ ሕክምናውንም አይነኩም። የሚያሳስበው የምንጩ ውሃ ነው፤ ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሳምንት መጠጣቱ ቢዘገይ ወይም ከካህኑ ጋር ተመካክሮ ፈልቶ ቢጠጣ ችግሩ ይቃለላል። «ክኒኑን ካልጣልክ ጸበሉ አይሠራም» የሚል ካጋጠመ ደግሞ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን ማስታወስ ይበቃል።

ድካም፦ ተኝቶ አይሄድም

በካንሰር ሕክምና የሚመጣ ድካም እንቅልፍ የማያወጣው ዓይነት ነው። «ተኛ፣ ዕረፍ» የሚለው የቤተሰብ ምክር ከፍቅር ቢመጣም ጡንቻን ያሟሽሻል። ከተጨማሪ ሕክምናዎች ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ያለው በእንቅስቃሴ ላይ ነው፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለ8 እስከ 12 ሳምንት። ልኩ እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። የጅሬን ዳገት አያስፈልግም፤ ሜዳው ይበቃል። ከዐሥር ደቂቃ ጀምሮ መጨመር ይቻላል። ከዚያ በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ ማንሳት።

በ2025 የታተመ ሙከራ ደግሞ ከድካም ያለፈ ነገር አሳየ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ተወግዶላቸው ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ለሦስት ዓመት በአሠልጣኝ የታገዘ እንቅስቃሴ አደረገ። ከስምንት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 90.3 በመቶ ሲሆኑ በሌላኛው ወገን 83.2 በመቶ ነበሩ። ልብ ይበሉ፣ ከቀዶ ጥገናና ከኬሞ በኋላ ነው።

ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ከገባ፣ ደም ማነስ ካዞረ፣ ትኩሳት ካለ ወይም አንድ እግር ብቻ ካበጠ መጀመሪያ ሐኪም።

አኩፓንክቸር፣ ዮጋ፣ የተመስጦ ልምምድ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለእንቅልፍና ለጭንቀት ደህና ጥናቶች አሏቸው፤ ጅማ ላይ በቀላሉ ስለማይገኙ እዚህ አንቆይባቸውም።

ምግብ፣ ጾም፣ ቡና

«ስኳር ካንሰርን ይመግባል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አስርቧል። ዕጢ ግሉኮስ ይወዳል፣ እውነት ነው፤ ልብም አንጎልም ይወዳሉ። ሰው ስኳር ቢያቆም ጉበት ከጡንቻና ከስብ ግሉኮስ ይሠራል፤ ዕጢው አይራብም፣ ጡንቻው ግን ያልቃል። ለብዙ ታካሚ የሚያሳስበው ክሳት ነው፤ የከሳ ሰው ኬሞው ይዘገይበታል ወይም መጠኑ ይቀነስበታል። እንቁላል፣ ሽሮ በቅቤ፣ የፈላ ወተት፣ ገንፎ፣ ከጥቂት ጥቂቱ በቀን ስድስት ጊዜ። ገንፎውም ቡናውም ለብ ሲል ነው፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ ለምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 አስታውቋል። ቡናው ራሱ አልተከሰሰም። ስለዚህ የጅማ ሰው ቡና ይተው የሚለው ምክር መሠረት የለውም። ቡና በፊንጢጣ ማስገባት የሚባለው ነገር ግን አንጀት ያቃጥላል፣ ጨው ያዛባል፤ ይቅር። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ኬሞ ላይ ላለ ሰው ሦስቱም ጠላት ናቸው።

ጾምን በተመለከተ ክርስትናውም እስልምናውም ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። በኬሞ ዙሪያ ለሁለትና ሦስት ቀን መጾም ጉዳቱን ይቀንሳል የሚለው ሐሳብ በሆላንድ በ131 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ተፈትኖ የጎንዮሽ ጉዳት ላይ ልዩነት አላመጣም። እነዚያ ሴቶች የከሱ አልነበሩም።

ቅጠሉ ከመድኃኒቱ ጋር የት ይጋጫል

ዶክሶሩቢሲን፣ ፓክሊታክሰልና ቪንክሪስቲን ከሰውነት የሚወጡት በጉበት በኩል ነው። ጉበት ከታወከ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ስለዚህ ቢሊሩቢን (ጉበት ሲታወክ ደም ውስጥ የሚጨምር ነገር) ከፍ ካለ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ዙሩን ያስተላልፋል። «ተፈጥሯዊ ነውና ጉበት አይጎዳም» ለሚል፣ ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ብዙ ሰው የገደለው የጉበት በሽታ ከእህል ጋር የተቀላቀለ አረም ያመጣው መሆኑ መልስ ነው። እንደዚያው የደም ምርመራ ሳይስተካከል ኬሞ አይሰጥም፤ ብዙ ጊዜ ፕላትሌት 100 ሺህ መድረስ አለበት። ሲስፕላቲን ኩላሊት ስለሚፈትን ብዙ ፈሳሽ ይሰጥበታል፤ የሚያስቀምጥ ወይም የሚያስመልስ ኮሶ መሰል ነገር በዚያ ሳምንት ሰውነትን አድርቆ ኩላሊቱን ይጥላል።

ሌላው መንገድ የመድኃኒቱን መጠን መለወጥ ነው። የእኛ አሜጃ ዘመድ የሆነውና በፈረንጅ አገር ለድብርት የሚወሰደው ተክል የኢሪኖቴካንን ሠራተኛ ክፍል በደም ውስጥ በ42 በመቶ፣ ኢማቲኒብ የተባለውን የደም ካንሰር ክኒን ደግሞ በ30 በመቶ ገደማ አውርዶ ተገኝቷል። ታካሚው ምንም አይሰማውም፤ መድኃኒቱ ግን ጎድሏል። እርድ በእንክብል፣ ከቁንዶ በርበሬ ንጥር ጋር፣ ታሞክሲፈን የተባለውን የጡት ካንሰር የሆርሞን ክኒን ሠራተኛ ክፍል 12 በመቶ ያህል ቀንሷል። ወጥ ውስጥ የምትገባው እርድ ከዚህ አትቆጠርም። አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድም እንዲሁ፦ በምግብ ልክ ይቀጥሉ፣ በማንኪያ ዘይትና በእንክብል ግን ደም መርጋትንና ስኳርን ሊነኩ ስለሚችሉ በኬሞ ወራት ይቁሙ። ቀዶ ጥገና ካለ ከሁለት ሳምንት በፊት።

ከፋርማሲ የሚገዛ ቫይታሚንም ከዚህ አያመልጥም። በፊንላንድ 29 ሺህ አጫሾች ላይ የተደረገው የቤታ ካሮቲን ሙከራ የሳንባ ካንሰርን ሊቀንስ ታስቦ በ18 በመቶ ጨመረው።

ስም የሌለው ዱቄት በሁለት ቀን ውስጥ ምግብ ካስበላና ሕመም ካጠፋ ተጠራጠሩ። በየአገሩ እንዲህ ያሉ ዱቄቶች ሲመረመሩ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ተቀላቅሎባቸው የተገኙበት ጊዜ አለ። ስቴሮይድ ያስበላል፣ ስኳር ያወጣል፣ ትኩሳት ይደብቃል፤ በድንገት ሲቆምም ሰውን ይጥላል።

ወጌሻ፣ ዋግምትና ሒጃማ ላይ አጭር ነው። ቀላል ማሸት ጭንቀትንና ሕመምን ይቀንሳል። ዕጢው ላይ፣ ጨረር በሚወስድ ቆዳ ላይ፣ ካንሰር በገባበት አጥንትና ባበጠ እግር ላይ ግን አይታሽም። ቆዳ የሚበጣ ነገር ሁሉ ፕላትሌትና ነጭ የደም ሴል በወረደበት ጊዜ ይደማል፣ ይመርዛል። የብብት ዕጢ በቀዶ ጥገና የወጣበት እጅ ላይ ሕክምናው ካለቀ ከዓመታት በኋላም ቢሆን አይበጣም።

ለሐኪሙ ሲነገር

ሐኪሙ ካልጠየቀ ራስዎ ይጀምሩ፦ «ዶክተር፣ ከእርስዎ መድኃኒት ሌላ የምወስደው አለ፤ ልንገርዎ።» ተክሉን ወይም ዱቄቱን በላስቲክ ይዞ መሄድ ከስሙ ይበልጣል። አንድ ቅጠል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በካፍኛ የተለያየ ስም አለውና ሁሉንም ይንገሩ። ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት ሲኒ፣ ተቀቅሎ ወይስ ጥሬ፣ ለምን ተብሎ፣ የመጨረሻው መቼ እንደተወሰደ። ሲስተሯ በካርዱ ላይ እንድትጽፈው ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው ዙር የሚያየው ሌላ ሐኪም ሊሆን ይችላል። ቁጣ ቢያጋጥም እንኳ ዝም አይባል፤ ጉበቱ ሳይታወክ የሚታረመው ሲነገር ነው።

ሕክምናው ማዳን ትቶ ማስታገስ ላይ ሲደርስ ሚዛኑ ይለወጣል። ብዙው ክልከላ ይላላል፤ የሚወደውን ይብላ፣ ጸበሉም ዱዓውም ቤቱ ይምጣለት። ሕመምን በተመለከተ ግን ቅጠል የሞርፊንን ቦታ አይተካም። የሚዋጠው ሞርፊን በሰዓቱ፣ በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ ነው የሚሰጠው፤ ለሕመም በልኩ ሲወሰድ ሱስ ያስይዛል ተብሎ አይፈራም። የሚያስቸግረው ድርቀቱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተልባ ይሰጣል፤ ተልባ ግን የሚሠራው ብዙ ውሃ ሲጠጣበት ነው፣ ትንሽ የሚጠጣ ሰው አንጀት ውስጥ አብጦ ይዘጋል። ስለዚህ ከሞርፊኑ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ቢሳኮዲል የተባለውን የሆድ ማለስለሻ ያሳዝዙ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ካልተወጣ ወይም ሆድ ተነፍቶ ካስመለሰ ደግሞ ምንም ሳይጨመር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።